የጡቡን ባንክ የገነባውን ሰው ፍለጋ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ንፋስ መውጫ የሚባል ከተማ አለ ስላችሁ፣ ስሙን ያወጣው ሰው ያጋነነ እንዳይመስላችሁ። ደርሼ አይቼዋለሁ። ነፋሱ ከዚያ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላወቅሁም፤ እኛ ዘንድ ቆላ አንድም ቀን ደርሶልን አያውቅም። እኛ በዚህ በምዕራቡ ድንበር በጥር ወር አልጋችንን አውጥተን ደጅ እንተኛለን፤ እነሱ በዚያው በጥር ጥጃቸውን ሳይቀር ቤት አስገብተው ያድራሉ። አብዛኞቻችሁ ያንን አገር የማየት ዕድል እንደማይገጥማችሁ ስለማውቅ፣ ነገሩ ሳይበርድብኝ ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ።

የሄድኩበትን ምክንያት ገሚሶቻችሁ ሰምታችኋል። በከተማችን ከሁሉ ቀድሞ በጡብ የተሠራው ቤት ባንኩ ነው። እሱ ላይ ፎቅ እንዲጨመር ተወሰነና፣ እኔ ነዳፊ ስለሆንኩ ያለውን ቤት ለክቼ ፕላኑን እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ስለካ የሰሜኑ ጥግ ግራ አጋባኝ። በሌላው ግድግዳ ጡቡ ሁሉ ተጋድሞ ነው የተደረደረው። እዚያ ጥግ ላይ ግን፣ ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ «የግንበኛ ስንፍና ነው» ብሎ አለፈው። የባንኩ ሽማግሌ ዘበኛ ግን ወደ ጎን ጠርተውኝ፣ «ያንን ጥግ የሠራው ጋይንቴው ፈንቴ ነው። ሲሠራው ሰው አያስጠጋም ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አልለቀቀኝም። የፎቁ ሶሌታ፣ ያ የኮንክሪቱ ወለል ማለት ነው፣ ሲሞላ አንደኛው ትልቅ ሸክም የሚያርፈው እዚያ ጥግ ላይ ነው። ከጥጉ ሥር ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሰው የሚሰለፍበት መስኮት አለ። ለመሐንዲሱ ብነግረው ሳቀብኝ።

«ለአንድ ጥግ ብለሽ ጋይንት ልትሄጂ? በዓመት ፈቃድሽ ከሆነ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። ሁለት ሳምንት እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ ሶሌታው ይሞላል።»

ፈቃዴን ሞላሁ፤ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ፤ ፕላኑን ጠቅልዬ በቆርቆሮ ቱቦ ከተትኩና ተነሣሁ።

ሰኞና ማክሰኞ በሰሊጥ መኪና ጎንደር ገባሁ። ስለዚህ መንገድ የምነግራችሁ አቧራ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው አውቶቡስ ስገባ ወንበሬ ላይ በግ ተቀምጧል። ባለቤቱ አንዲት ጎልማሳ ሴት ናቸው።

«ቲኬት አለው?» ብዬ ቀለድኩ።

«አለው እንጂ! ካንቺ ቀድሞ ነው የቆረጠው» አሉኝ።

ወሩ የሠርግ ወር ነውና አውቶቡሱ ሁሉ ሠርገኛ ነበር። በጉን እግሬ ሥር አስተኛነው። ወረታ እስክንደርስ ተጸየፍኩት። ከወረታ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ሲወጣ ግን ብርዱ ከጉልበቴ ጀመረኝ፤ ሳላስበው በጉን ወደ እግሬ ሳብ አደረግሁት። ሴትዮዋ አይተው ከት ብለው ሳቁ። «ቆለኛ ነሽ አይደል? ጠጋ በይው፣ ግድ የለም። እሱም ከነገ ወዲያ አይኖርም።» ደብረ ታቦር ስንደርስ እጄን ይዘው ገበያ ወሰዱኝና ከነጋዴው ጋር እንደ እናቴ ተጨቃጭቀው ወፍራም ጋቢ አስገዙኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ በጋቸውን እየጎተቱ ሄዱ።

ሐሙስ ወደ ንፋስ መውጫ ጉዞ ሆነ። ቻይናዎቹ ያወጡት መንገድ ነው፤ ተራራውን እንደ ቀበቶ ዞሮ ዞሮ ይወጣል። እኛ አገር ዓይን ቢያይ ቢያይ ሜዳ ነው፤ እዚያ መስኮቱን ስታዩ ከበታቻችሁ አሞራ ይበራል። ከተማው ጥቂት ሲቀረው ኬላ ላይ አስቆሙንና አንድ ጠመንጃ ያነገተ ጥበቃ ቱቦዬን አየው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፕላን ነው።»

«የምን ፕላን?»

«የባንክ።»

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። የባንክ ፕላን በቱቦ ይዞ አገር ለአገር የሚዞር ሰው ምን ሊመስል እንደሚችል ያወቅሁት ፊቱ ሲለወጥ ነው። ወረቀቶቼን አሳየሁት፤ አላረካውም።

«ዘርጊው።»

«ወንድሜ፣ እዚህ ነፋስ ላይ?»

«ዘርጊው ብያለሁ!»

ዘረጋሁት። ባንካችን ተነሥቶ በረረ። የገብሱን ማሳ አልፎ ወደ ገደሉ ሲያመራ እኔ ጮህኩ፤ ያ ጥበቃ ከእኔ ብሶ ጮኸ። ተሳፋሪው በሙሉ ከአውቶቡስ ወርዶ ሩጫ ሆነ፤ ቄሱም፣ ሾፌሩም፣ ሙሽራ ሊያጅቡ የለበሱትም። በመጨረሻ ያው ጥበቃ ዘሎ በጫማው ረግጦ ያዘልኝ። እያለከለከ ሲመልስልኝ ሁለታችንም ሳቃችን መጣ።

«ባንኩን ያዳነው የጋይንት ሚሊሺያ ነው ብለሽ ንገሪያቸው» አለኝ። ነግሬያችኋለሁ።

በዚያ ሌሊት ያደርኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ስንቀጠቀጥ አይታ የራሷን ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነው፣ ከአልጋዋ ገፍፋ አመጣችልኝ። ትኩስ የገብስ አጥሚት እያጠጣችኝ ስለ ፈንቴ ጠየቅኋት።

«ጋይንቴው ካልሽ የላዩ ነው የታቹ?» አለችኝ። ጋይንት ሁለት መሆኑን ያን ጊዜ ገና ሰማሁ። ሰፈርተኛውን ጠርታ አስጠየቀችልኝ፤ የሚያውቅ ጠፋ። «እንግዲያስ የታቹ ነው። ነገ አርብ ነው፤ አርብ ገበያ ውረጂ። አርብ ቀን እዚያ የማይመጣ ሰው የሞተ ብቻ ነው።» ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስል በሳህኑ ውሃ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሮ አገኘሁት። ለእናንተ ላመጣላችሁ አምሮኝ ነበር።

አርብ በጨው መኪና ጋቢና ወረድኩ። ገበያው ከእኛ ገበያ ጋር አይመሳሰልም። እኛ ዘንድ በሦስት ቋንቋ ይጮኻል፣ ሰሊጥ ይሸታል፤ እዚያ ገብስ፣ ባቄላና ሱፍ ይዘው ተራራ ለተራራ በእግር የመጡ ገበሬዎች በዝግታ ይነጋገራሉ። ፈንቴ ግንበኛውን ያያችሁ እያልኩ ከአህያ ተራ እስከ ጋቢ ተራ ዞርኩ። በመጨረሻ አንድ ጨው ነጋዴ፣ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከሚዛናቸው ቀና አሉ።

«ፈንቴ አዳልን ነው? ኖራ ከኔ ይወስድ ነበር። እሱ እኮ ስማዳ ነው።»

«ጋይንቴው ነው የሚሉት እኛ አገር።»

«እናንተ አገር ምን ታውቃላችሁ፣ ልጄ» አሉ በርኅራኄ።

መሸብኝና ከቤታቸው አሳደሩኝ። እንደምታውቁት የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ አይገናኝም፤ ቀኑ አርብ፣ እኔም ጿሚ ስለሆንኩ ግን ጥያቄም አልተነሣ። ባለቤታቸው የባቄላ ሽሮ ሠርተው ከአንድ ትሪ በላን። ሲነጋ ጋሽ ሰይድ በቅሎ ጭነው አቆሙልኝ፤ ወደ ስማዳ የሚመለሱ ቄስ ገብሬ የሚባሉ ካህንም አገናኙኝ። «በቅሎዋን ሲመለሱ ያምጡልኝ» አሏቸው ለቄሱ። ለእኔ ምንም አላሉኝም። የማያውቁት ሰው ነኝ፤ በቅሎ ሰጡኝ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። ቄስ ገብሬ በእግራቸው፣ እኔ በቅሎ ላይ፤ አፍሬ ልውረድ ብል «አንቺ ከወረድሽ ሁለት የሚደክም ሰው ይኖረናል» ብለው ከለከሉኝ። ከአንድ ገበሬ ቤት አድረን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስንቀጥል ሠርገኞች ሙሽሪትን በበቅሎ ይዘው እየዘፈኑ መጡ። የእኔዋ በቅሎ ጆሮዋን አቆመች። ከዚያ ዞረች። ልጓሙን ብስብ፣ ብለምናት፣ እምቢ! የሙሽሪትን በቅሎ ተከትላ ትሄዳለች። ለካ ጋሽ ሰይድ ባለፈው ዓመት የገዟት ከሙሽራው ቤት ኖሮ እህቷን ነው ያገኘችው።

«አባ፣ ምን ላድርግ?» ብዬ ጮህኩ።

«ተያት፣ ልጄ፤ እሷ ተጠርታለች!»

እንዲህ ሆኜ ሳልጠራ ሠርግ ገባሁ። ዳሱ ውስጥ ከሽማግሌዎች አጠገብ አስቀመጡኝ፤ ዶሮው፣ ጠላው፣ «ብይልኝ በሞቴ» አላባራ አለ። ማን እንደሆንኩ ቄስ ገብሬ አስረዱ። ወዲያው ከሚዜዎቹ አንዱ ቱቦዬን ከፍ አድርጎ ይዞ ገጠመብኝ፦

ባንክ ብለሽ ወጣሽ ከዚያ ከሩቅ ቆላ፣
የኛ ተቀማጩ ጠላና ባቄላ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ የሙሽራው አያት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ፈንቴን ከሆነ የምትፈልጊው እዚህ የለም። መሬት ሲደለደል ከሚስቱ አገር ገባ። እስቴ ነው፣ መካነ ኢየሱስ አጠገብ» አሉኝ። ደስታዬም ድካሜም ባንድ ላይ መጡ። ከሁለቱ ሳምንት ሰባት ቀን አልቋል። እስቴ ደግሞ ሁለት ቀን ነው፤ እዚያስ ሄጄ «ጎጃም ነው» ቢሉኝ?

ቄስ ገብሬ ሐሳቤን ከፊቴ አነበቡት። «አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ፤ ቤታቸው በዓይን እየታየ። ሰኞ ቆላ ለቆላ ወርደን ሙቀቱ ሲነካኝ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ ጋቢዬን አውልቄ ዘፈንኩ። ማክሰኞ ወጣነው፤ ዘፈኑም ቀረ።

ማክሰኞ ከሰዓት መካነ ኢየሱስ ሳይደርሱ ካለች መንደር ደረስን። አንዲት ቀጭን አሮጊት አውድማ ላይ ስንዴ ያነፍሳሉ። «የአያ ፈንቴ ቤት የት ይሆን?» ብንላቸው መንሹን ተደግፈው አዩን።

«ምን አጠፋ ደግሞ?»

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ ነበሩ። አያ ፈንቴ ከጭድ ክምሩ ጀርባ ወጡ፤ አጭር፣ ሰፊ እጅ ያላቸው ሽማግሌ። የከተማዬን ስም ስነግራቸው አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ሳይዘጉት ወደ ቤት አስገቡን። እግሬን እትዬ ጥሩዬ ራሳቸው አጠቡኝ፤ እምቢ ብል ተቆጡኝ።

«ለመሆኑ ስማዳ ተወልደው እስቴ እየኖሩ ለምን ጋይንቴው አልዎት?» አልኳቸው መጀመሪያ፤ ከአርብ ጀምሮ የተሸከምኩት ጥያቄ ነው።

«ቆላ ወርጄ ስማዳ ብላቸው ማን ያውቀዋል? ከወዲህ የሄደውን ሁሉ ጋይንቴ ነበር የሚሉን።»

ፕላኑን መደብ ላይ ዘረጋሁ። አያ ፈንቴ ጥበቃው በጫማው ያተመበትን ቦታ በእጃቸው ጠራረጉ፤ በሩን ስጠቁማቸው ደግሞ ጣታቸው በራሱ ጊዜ መሄድ ጀመረ፤ ግድግዳውን ተከትሎ፣ መስኮቱን ቆጥሮ፣ ሰሜኑ ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አወጉኝ። እኔም የባንካችንን ታሪክ ከእሳቸው አፍ ሰማሁ።

«ያኔ ከተማችሁ ሳር ቤትና ቆርቆሮ ነበረች። ባንኩም ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ነው የጀመረው። ከዚያ ምስጥ ገባበት። መጀመሪያ በሩን በላ፣ ቀጥሎ ወንበሩን፣ በመጨረሻ መዝገቡን ጀመረ። ያን ጊዜ ነው በጡብ ይሠራ የተባለ። ድንጋይ በአቅራቢያው የለም፤ ወንዙ ዳር ግን ጥሩ ጭቃ አለ። ጡቡን ቀርጸን፣ በፀሐይ አድርቀን፣ በእቶን ተኮስነው። ሹሙ ፈረንጅ ነበር። መሬት ላይ ገመድ ሲዘረጋ ገመዱ ጉድጓድ ላይ አረፈ። የሰፈሩ ሁሉ ውሃ መቅጃ ነው። ‹ደፍናችሁ ሥሩበት› አለ። እኔም ‹ጌታዬ፣ ውሃ ይሻገሩታል እንጂ አይደፍኑትም› አልኩት። ተቆጣ። ሌላ ቃል ብናገር ያባርረኝ ነበር። እግዚአብሔር ሲያደርግ ወባ ያዘው።»

«ለሰው ሕመም እግዚአብሔር ሲያደርግ ይባላል?» አሉ እትዬ ጥሩዬ ከጓዳ።

«ዳነ እኮ፣ አንቺ! ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው የተኛ። በዘጠኙ ቀን እኔ ጉድጓዱን ሳልደፍን በላዩ ቅስት አነሣሁበት። ዓባይ ላይ የነገሥታቱን ድልድይ አይተሻል? አባቴ ልጅ ሆኜ ከሥሩ ያሳርፈኝ ነበር፤ ድንጋዩ እንዴት ተያይዞ እንደቆመ እያየሁ ነው ያደግሁ። እንደዚያ አድርጌ በጡብ። ከዚያ አፈር መለስኩበት፤ ሹሙ ሲነሣ ግድግዳው ቆሞ አገኘው። እስከ ዛሬ የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን።»

«አያ ፈንቴ፣ አሁን ፎቅ ሊጫንበት ነው።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «እኔ የለካሁት ለአንድ ቤት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ቤት ብትጭኑበት…» ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ወደ ታች ለቀቁት። ከሥሩ ባለው መስኮት የሚሰለፉት ሰዎች ትዝ አሉኝ።

«ምን ይሻላል?»

«ከቅስቱ ግራና ቀኝ መሬቱ ጽኑ ነው። እዚያ ሁለት እግር አቁሙና ሸክሙን ለእነሱ ስጡ። ቅስቱን አትንኩት። ጉድጓዱ ከጥጉ ሦስት ክንድ ገባ ብሎ ነው።»

«ስድስት ነው» አሉ እትዬ ጥሩዬ እንጀራ ይዘው ሲገቡ።

«ሦስት!»

«ስድስት! አንተ የገነባኸው ዘጠኝ ቀን ነው። እኔ ካንተ ጋር ቆላ ሳለሁ ሁለት ዓመት ውሃ ቀድቼበታለሁ።»

ቄስ ገብሬ ሊያስታርቁ ቢሞክሩ ሁለቱም ተነሡባቸው። እኔ ሁለቱንም ጻፍኩ።

ረቡዕን ከእነሱ ጋር ዋልኩ፤ ቅስቱን እንደነገሩኝ ነደፍኩት፤ የተናገሩትንም ጽፌ ይፈርሙልኝ ዘንድ አቀረብኩላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ላስነካ ስል ቅር አላቸው። የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ናቸው ለካ፤ ምስክር ወረቀታቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ብዕሬን ተቀብለው፣ እያላባቸው፣ ስማቸውን ጻፉ። እትዬ ጥሩዬ በትከሻቸው በኩል አዩ።

«‹ን›ዋ የት ሄደች?»

«የቷ?»

«ፈቴ ነው የጻፍከው!»

ከምስክር ወረቀቱ አጠገብ ሌላ ምስክር ወረቀት ነበር፤ የእትዬ ጥሩዬ፣ በአንድ ዙር ቀድሞ የተሰጠ። አያ ፈንቴ ‹ን›ዋን መሐል ላይ አጣብቀው አስገቧት።

ማታ ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ። «በሩ ምን ዓይነት ነው?»

«የብረት ነው፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ።»

«እኔ ስሄድ አልተገጠመም ነበር። ሥራው ሲያልቅ በነጋታው አሰናበቱን፤ በር ኖሮት አላየሁትም» አሉ፤ ቆየት ብለውም፣ «አረንጓዴ ጥሩ ነው» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት የደብረ ታቦር አውቶቡስ ድረስ ሦስቱም ሸኙኝ። ቄስ ገብሬ በቅሎዋን ይዘው ወደ ስማዳ፣ ከዚያ ወደ ጋሽ ሰይድ ሊሄዱ ነው፤ ለእኔ ሲሉ የተጓዙትን መንገድ ልቆጥር ብጀምር «ተይ፣ በመንገድ ላይ ብዙ ሳቅሁ» አሉኝ። እትዬ ጥሩዬ አንድ ቁና ቆሎ አሸከሙኝ። መንገድ ላይ ከተሳፋሪው ጋር ጨርሼዋለሁ፤ ስለ ቆሎው እንዳትጠይቁኝ።

ፈቃዴ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ገባሁ። መሐንዲሱ ብረቱን አስተሳስሮ ጨርሷል። ጽሑፉን አነበበ፤ ፊርማውን አየና ፈገግ አለ። «ደግ፣ እንቆፍር። ሰውየው ሦስት ክንድ ብለዋል።» ሦስት ክንድ ተለክቶ ተቆፈረ። የአንድ ሰው ቁመት ሙሉ ደረቅ አፈር ብቻ። የባንኩ ሠራተኞች በመስኮት ያዩኛል፤ ፀሐዩም እንደምታውቁት ነው። መሐንዲሱ ሰዓቱን አየ።

«ስድስትም ተብሏል» አልኩት።

በረጅሙ ተነፈሰና ለሠራተኞቹ ምልክት ሰጠ። ከምሳ በኋላ የዶማው ድምፅ ተለወጠ። አፈሩን በእጃቸው ጠረጉት፤ ቀጥ ብለው የቆሙ ጡቦች፣ አንዱ ሌላውን ደግፎ፣ እንደ ቀስተ ደመና ጎብጠው ብቅ አሉ። መሐንዲሱ ኮቱን አውልቆ ወረደ። ከጎኑ ሾልኮ ባትሪውን ወደ ውስጥ ሲያበራ አየሁት። ሲወጣ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የአፈሩ ክምር ላይ ተቀመጠ።

«ውሃ አለ» አለ። ቆይቶም ለሠራተኞቹ፣ «ሶሌታው ይቆይ። ሁለት አምድ እንተክላለን፣ ከዚህና ከዚያ» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ስድስት ያሉት ማናቸው?»

«ሚስትየዋ። ወይዘሮ ጥሩዬ።»

«ለሁለቱም ደብዳቤ ይጻፍላቸው።»

«እሺ፣ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

«አይ» አለና ጭቃውን ከእጁ ጠረገ። «እኔው እጽፋለሁ። አንቺ አድራሻውን ብቻ ንገሪኝ።»